ፈረሴ በገመድ ሲዞር ራሱን ሽቅብ ይሰቅላል፤ ማሰሪያ ልጠቀም ወይስ ይቅር?

ዳማው ከሱሉልታ፦

ሰላም ቤተሰብ። የ6 ዓመት ዳማ ፈረስ አለኝ፤ ከሰላሌ ነው የመጣው። ሱሉልታ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው የምንኖረው። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት በረጅም ገመድ አዞረዋለሁ፣ ሎንጅ የሚሉትን ማለቴ ነው። ገመዱ 8 ሜትር ነው። በእርምጃ ሲሄድ በግ ነው። ሶምሶማ ሳስጀምረው ግን ራሱን ሽቅብ ይሰቅላል፣ ጀርባው ይጎደጉዳል፣ ወደ ውጭ እያየ በትከሻው ወደ እኔ እየተጠጋ ክቡን ያጠብብኛል።

ባለፈው ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ አንድ ሻንጣ ዕቃ ይዞልኝ መጣ። የሆድ መቀነት፣ ከመቀነቱ ወደ ልጓሙ የሚታሰሩ፣ መሃላቸው ላይ የላስቲክ ቀለበት ያላቸው ሁለት የጎን ዛቦች፣ ደግሞ በኋላ ጭኑ ዞሮ እስከ ልጓሙ የሚደርስ ባለመዘውር ገመድ። ፔሶዋ ይሉታል አለኝ። ቅዳሜ የጎን ዛቡን በዓይኔ ለክቼ አሰርኩለት። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቀጥ አለ። አለንጋ ሳሳየው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ከዚያ በሁለቱ የኋላ እግሮቹ ቆመ! ደግነቱ አልወደቀም። ገመዱ ግን መዳፌን ላጠው፤ ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው።

ዛቡ ጠብቆ ነው? ወይስ ትቼው ፔሶዋውን ልሞክር?

ጉግስ ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጓንት ግዛ። ሌላውን እናወራለን።

የድሮ ባልደራስ፦

እንኳን ተረፍክ ልጄ። ጓንቱ እውነት ነው። ገመዱንም እጅህ ላይ አትጠቅልለው፤ አጣጥፈህ ያዘው። የተጠቀለለ ገመድ ጣት ይዞ ይሄዳል።

ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው። ፊቱን በዛብ ዘጋህበት፣ ከኋላ በአለንጋ ገፋኸው። የቀረለት መንገድ ወደ ላይ ብቻ ነው። አንዳንዱ በጀርባው ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ፈረስም ኮርቻም የለህም።

ወደ ራሱ ልምጣ። ከሰላሌ መጣ ካልክ በአገራችን ልጓም የተገራ ይመስለኛል፤ ያ አገጩን የሚዞር ቀለበት ያለው። ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ሲሳብ መንጋጋውን ይጨምቃል። በዚያ ያደገ ፈረስ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ራሱን ሽቅብ ያሸሻል። ያንተ የዛሬ ልጓም ለስላሳ ቢሆንም አፉ አልረሳም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የማዞሪያውን ገመድ የት ነው የምታስረው? ልጓሙ ቀለበት ላይ ከሆነ በየዙሩ አፉን እየመታኸው ነው። አፍንጫው ላይ ቀለበት ያለው ካቬሶን ካለህ እሱን አድርግለት። ከሌለህ ደህና የሚገጥም ልባብ ይበቃል፤ ብቻ ማሰሪያው ወደ ዓይኑ እንዳይንሸራተት።

ልጓሙን አውልቅና ለ2 ሳምንት በልባብ ብቻ አዙረው። ራሱን ካወረደ በሽታው ከአንገቱ ሳይሆን ከአፉ ነው ማለት ነው። ማሰሪያ አፍ አያድንም።

ወጣት እያለሁ ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ጋጣ ውስጥ እሠራ ነበር። አንዲት አምባላይ ባዝራ ነበረችን። አለቃዬ «ለውበት» ብሎ የጎን ዛቡን አሳጥሬ እንዳስር አዘዘኝ። አንገቷ እንደ ቀስት ተቆለመመ፤ ያየ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ኮራሁ፣ አልዋሽህም። አንድ ቀን ግን አቧራው ላይ ኮቴዋን ሳይ ደነገጥኩ። በእርምጃ ስትሄድ የኋላ ኮቴዋ የፊቱ ካረፈበት አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ነበር የሚያርፈው። ዛቡን ስፈታላት ግን ፊቱን ታልፈው ነበር። ከፊት የተጎተተ ፈረስ ከኋላ አይሠራም። አንተም መሬቱን እይ፤ መሬት አይዋሽም።

ዛቡን በኋላ ትመልሰዋለህ። አስረህ አትነሳ። 10 ደቂቃ ያህል ነጻ አሙቀው፣ ከዚያ እሰርለት። ፈረሱ በራሱ አቋም ሲቆም ዛቡ እንዳይንዘላዘል ብቻ፣ አፍንጫው ከግንባሩ ቁልቁል ከሚወርድ ቀጥታ መስመር ወደፊት ወጣ እንዳለ ይሁን። ሁለቱም ጎን እኩል፣ ከፍታው በትከሻው አጥንት ልክ። ለሶምሶማ ነው የሚጠቅመው። በእርምጃ ፈረስ ራሱን ይነቀንቃል፤ ስለዚህ ወደ ጋጣ ስትመልሰው ፍታለት።

ፔሶዋው ብራዚላዊው ዘላይ ኔልሰን ፔሶዋ ያወጣው ዕቃ ነው፤ በሚያውቅበት እጅ ጥሩ ነው። ግን የኋላ እግሩ በተራመደ ቁጥር አፉን ይነካዋል። አፉን ለሚፈራ ፈረስ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስበው። ሻንጣው ውስጥ መልሰው።

ክቡን ሲያጠብብህ ደግሞ አለንጋውን ወደ ትከሻው ጠቁም፤ መምታት የለም። ሲያዘግም ወደ ቋንጃው። አንተም በሆዱ መቀነት ትይዩ ቁም። ፊቱ ከቆምክ ታስቆመዋለህ።

ሐኪም ነኝ፦

ባልደራስ ባሉት ላይ ጥቂት ልጨምር። ጥርሱን አሳይ። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ውጫዊ ጠርዝ እየሾለ ጉንጩን ይቆርጣል። ከልጓም ጋር ሲጋጭ ራስ መስቀሉ አይገርምም። የሚያውቅ ባለሙያ ካጣህ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጠይቅ።

የሱሉልታ መረሬ መሬት በክረምት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ጭቃ ላይ አታዙረው፤ ጅማቱን ይጎዳል። በደረቅም ከ20 ደቂቃ አትለፍ፣ በየጥቂት ደቂቃውም አቅጣጫ ቀይር። ክብ ለመገጣጠሚያ ከባድ ነው።

ከለገጣፎ፦

ባልደራስ፣ እኔ ከጎሚስታ ቤት ያገለገለ ከመነዳሪ ቆርጬ ነው የጎን ዛብ የሠራሁት። ስለሚለጠጥ አይጎዳውም ብዬ። ተሳሳትኩ?

የድሮ ባልደራስ፦

ብልህ ነህ፣ ግን በጣም ከተለጠጠ ፈረሱ ተደግፎት መጎተት ይማራል። አሁን በዛቡ ጎተተህ፣ ነገ በእጅህ ይጎትትሃል። ቆዳ ወይም ጠንካራ ጥብጣብ ይሁን፤ ከመነዳሪው መሃሉ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል።

ዳማው ከሱሉልታ፦

ጋሼ፣ እጄ ድኗል፣ ጓንትም ገዝቻለሁ። ገመዱን ልጓሙ ላይ ነበር የማስረው፤ አፈርኩ። 5 ቀን በልባብ አዞርኩት። በግራ ዙር ስድስተኛው ላይ ፉርርር አለና ራሱን ጉልበቱ ድረስ አወረደው፤ ዝም ብዬ ቆሜ ቀረሁ። በቀኝ ዙር ግን አሁንም ሽቅብ ነው። ጥርሱን ማክሰኞ ያዩልኛል።

የድሮ ባልደራስ፦

ጎሽ! በቀኝ ዙር አሳጥረው፤ ጥቂት ዙር ብቻ፣ በእርምጃ። ማክሰኞ ጥርሱን ሲያዩልህ የቀኙን ጉንጭ ከውስጥ በደንብ እንዲያዩት ንገራቸው። ከኮርቻው በታችም ቀኝ ጀርባውን በጣትህ ጫን ጫን አድርገው። ቆዳው ከተንቀጠቀጠ ጻፍልኝ።