ክርክር፦ ምድርን የከበዳት ብዛታችን ነው ወይስ አኗኗራችን?
(ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በጅማ ሰፈሮቻቸው ስም ነው።)

ከጂሬን፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ሰሞኑን ገጠር ቤተሰብ ጋ ሄጄ ነበር፤ ጥያቄውን ያመጣሁት ከዚያ ነው። አያቴ ሁለት ሄክታር ነበራቸው። አባቴና ወንድሞቹ ለአምስት ተካፈሉት። አሁን አባቴ ድርሻውን ለእኛ ለአራታችን ሲያካፍል ለእያንዳንዳችን አንድ ሺህ ካሬ ደረሰን። በሱ ቤተሰብ አይቀለብም።
አገሩም እንደኛ ቤት ነው። በ1976ቱ ቆጠራ 40 ሚሊዮን አካባቢ ነበርን፤ በ1999ኙ 74 ሚሊዮን ገደማ። ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን። ዓለም በኅዳር 2015 ዓ.ም. 8 ቢሊዮን ደርሷል፤ በ1966 አካባቢ ግማሹ ነበር። መሬቱ ግን ያው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ብዛታችን ከአቅም በላይ ሆኗል።

ከቆጪ፦
ወንድሜ፣ የእርሻውን ነገር አልክድህም። ግን ምድር ስትል ሁላችንንም እኩል አትቁጠረን። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ቶን አይሞላም። አንድ አሜሪካዊ ከ13 ቶን በላይ ይለቃል። የሃምሳ ሰው ድርሻ ለብቻው ማለት ነው! የጅማ ቡና ሙቀት አይወድም፤ ዝናቡ ሲዛባ አበባው ይረግፋል። ያን ሙቀት ያመጣው የአጎትህ ስድስተኛ ልጅ አይደለም። ደግሞ የዓለም ሕዝብ የሚያድግበት ፍጥነት በ1960ዎቹ በፈረንጆች በዓመት ከ2 በመቶ በላይ ነበር፤ ዛሬ ከ1 በመቶ በታች ነው።

ከአጂፕ፦
እኔ ቡና ላይ ነው የምሠራው። ለቡናው ጥላ የሚሆኑት ዛፎች፣ ዋንዛውና ሰሳው፣ የሚቆረጡት የሰው ቁጥር ስለጨመረ ብቻ አይደለም። ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ባሕር ዛፍ ለአጣና ይሸጣል። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ምን ያድርግ? ቡናውንና ጥላውን ቆርጦ እነሱን ይተክላል። ከጥላ ዛፉ ሥር ያለው አፈር ታጥቦ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ይወርዳል። እዚሁ ጅማ ያለውን የቦዬን ረግረግ እዩት፤ ለጡብ ጭቃ ይቆፈራል፣ የከተማው ቆሻሻም ይወርድበታል።

ከመንደራ፦
እስካሁን ስለምትወልደው ሴት ማንም አላነሳም። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የወሊድ መከላከያ መርፌ ከባሏ ደብቃ የምትወጋ እናት በየሳምንቱ ትመጣለች። ባለፈው አንዷ ስድስተኛዋን ወልዳ፣ «እኔን አራት ይበቃኝ ነበር፤ የጠየቀኝ የለም» አለችኝ። ስትናገር አላለቀሰችም። እኔ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።
በ1992 ከመቶ ባለትዳር ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 8 ብቻ ነበሩ። በ2008 ወደ 36 ደርሰዋል። በዚያው በ2008ቱ ጥናት የገጠር ሴት በአማካይ 5.2 ልጅ ትወልዳለች፣ አዲስ አበባ ያለችው 1.8። አገሩ አንድ፣ ሕዝቡ አንድ። ልዩነቱ ትምህርቱ፣ ሥራውና ምርጫው ነው። እና ወንድሜ ከጂሬን፣ «በዝተናል» ብለህ ስትፈርድ የመረጠችው ማን እንደሆነች ጠይቅ።

ከጂሬን፦
እህቴ፣ ይሄን ተቀብያለሁ። ለእናቴም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እየተባለ ነው ሰባት የወለደችው። ለቆጪው ወንድሜ ግን አልሸነፍም። የካርቦኑ ዕዳ የሀብታሞቹ ነው፤ ልክ ነህ፣ ይክፈሉ። ያ ዕዳ ቢከፈልም ግን የኔ አንድ ሺህ ካሬ አይሰፋም። የማገዶው፣ የውኃው፣ የግጦሹ ጫና እዚሁ ነው።

ከቆጪ፦
እሱ ላይ እስማማለሁ። ግን ጥበቱን ለማስረዳት «ምድር ሞላች» አትበለኝ። መሬቱን ለአራት ከመቆራረስ በጋራ ይዛችሁ ቡናውን አሳድሱ፤ ያረጀውን እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ጎንድሉት። ከአራታችሁ ሁለታችሁ ደግሞ ከእርሻ ውጭ ሥራ ፈልጉ።

ከመንደራ፦
አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ከጂሬን። እናትህ ሰባት ወለደች አልክ። መሬቱ ለአራት ተካፈለ አልክ። ሦስቱ የት አሉ?

ከጂሬን፦
ሦስቱ እህቶቼ ናቸው። አልተቆጠሩም።

ከመንደራ፦
የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴት በውርስ እኩል ናት ይላል። ትልቋ ስንት ዓመቷ ነው? ስንት ልጅ አላት?

ከጂሬን፦
ሠላሳ አንድ። አምስት አላት። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።