ቲጄ ፈተናውን ካስቀረ ወዲህ ውጤቱ ወረደ ወይስ ጎበዞቹ ተበተኑ?

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት ክርክር በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ስላለው የቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና የቴክኖሎጂ ሃይስኩል ነው፤ ሁላችንም ቲጄ የምንለው። በ1985 የተከፈተ፣ ተማሪ መርጦ የሚቀበል የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ድሮ ለማመልከት 100 ዶላር ይከፈል ነበር፤ ከዚያ የሒሳብ፣ የንባብና የሳይንስ ፈተና ነበረ። በ2020 የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ፈተናውንም ክፍያውንም አስቀረ፤ አዲሱን አሠራር በዲሴምበር አጸደቀ። አሁን ከእያንዳንዱ የመንግሥት ሚድል ስኩል የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር 1.5 በመቶ የሚያህል ወንበር ለዚያው ትምህርት ቤት ይያዝለታል። 100 ያህል ወንበር ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው። ጥያቄው፦ በዚህ ለውጥ የትምህርቱ ደረጃ ወርዷል? ለእኛ ልጆችስ ምን አመጣ? ቁጥር ይዛችሁ ግቡ።

ቀመር፦
ወርዷል ባይ ነኝ። ያለ ፈተና የገባው የመጀመሪያው ክፍል በ2025 የተመረቀው ነው። ናሽናል ሜሪት ለተባለው አገር አቀፍ የስኮላርሺፕ ውድድር ማጣሪያ ያለፉት ከእሱ በፊት በነበረው ክፍል 165 ነበሩ፤ በዚህ ክፍል 81 ሆኑ። ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። የተማሪው ብዛት ደግሞ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም፤ በ2020 ለ486 ልጆች የተላከው የቅበላ ደብዳቤ በ2021 ለ550 ነው የተላከው። ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው የዩኤስ ኒውስ መጽሔት ደረጃም በ2022 ከአገር አንደኛ ነበር፤ በ2023 አምስተኛ፣ በ2024 አሥራ አራተኛ ሆነ።

ገበታ፦
ወንድሜ ቀመር፣ የደረጃውን ነገር እዚህ ላይ እንዝጋው፤ በየክርክሩ ያለ ቦታው ይመጣል። የ2024ቱ ደረጃ የተሠራው በ2021 እና 22 የትምህርት ዓመት መረጃ ነው። ከነጥቡ 30 በመቶ የሚይዘው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የወሰዱትና ያለፉት ኤፒ የተባለው የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ነው። በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበሩት በሙሉ በድሮው ፈተና የገቡ ናቸው፤ አዲሶቹ ገና ዘጠነኛ ነበሩ። ስለዚህ ያ ማሽቆልቆል ከቅበላው ለውጥ ጋር አይገናኝም።

የናሽናል ሜሪቱ ግን እውነተኛ ቁጥር ነው፤ እሱን አልክድም። አቆጣጠሩን ግን እንየው። በአገር ደረጃ የሚያልፉት 16 ሺህ ያህል ናቸው፤ ለየስቴቱ የሚከፋፈሉትም እንደ ተመራቂው ብዛት ነው። የቨርጂኒያ ድርሻ ቲጄ ማንን ቢቀበል ማንን አይለወጥም። ቲጄ ያልገባ ጎበዝ ልጅ በአካባቢው መደበኛ ሃይስኩሎች፣ በላንግሊ፣ በማክሊን ወይም በኦክተን ሆኖ ያልፋል። ልጁ የትም አልጠፋም፤ የተቆጠረበት ትምህርት ቤት ነው የተለወጠው። በዚያ ላይ የናሽናል ሜሪት ማጣሪያ የሆነው ፒኤስኤቲ የተባለው ፈተና በወረቀት መሰጠቱ ቀርቶ በኮምፒውተር የሆነው ይኸው ክፍል በወሰደበት በ2023 መኸር ነው። የቨርጂኒያ የማለፊያ ነጥብም ከ219 ወደ 222 ወጥቷል።

ቀመር፦
ኮምፒውተሩም ሆነ የማለፊያ ነጥቡ ለሁሉም ነው የተለወጠው፤ ቲጄን ብቻ ለይቶ አይጎዳም። «ልጁ ሌላ ትምህርት ቤት ሆኖ ያልፋል» ያልከውን እቀበላለሁ፤ የእኔም ክርክር እሱ ነው። እንደ ቲጄ ያለ ተማሪ መርጦ የሚቀበል ማግኔት ትምህርት ቤት የሚቋቋመው እነዚህን ልጆች አንድ ቦታ ለማሰባሰብ ነው። ከካልኩለስ በላይ ለሆኑት፣ ለመልቲቫሪየብል ካልኩለስና ለሊኒየር አልጀብራ፣ ክፍል የሚከፈትላቸው የሚሞላቸው ተማሪ ሲኖር ነው። እዚያ የሚደርሰው ልጅ ሲያንስ መጀመሪያ ከሁለቱ ክፍል አንዱ ይታጠፋል፣ ቀጥሎ ትምህርቱ በየሁለት ዓመቱ አንዴ ብቻ ይሰጣል። ላንግሊ የገባው ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የምርምር ቤተ ሙከራ አያገኝም። ቲጄ ግን ማንም ተማሪ በአንዱ ቤተ ሙከራ የራሱን ምርምር ሳይሠራ አይመረቅም። አንድ ላይ ቢሆኑ የሚያገኙትን ተለያይተው አያገኙትም።

መምህር፦
ቀመር ያነሳው የሒሳብ ጉዳይ ዋናው ነው፤ በደንብ ልዘርዝረው። ቲጄ ለመመረቅ ካልኩለስ ግዴታ ነው። በስምንተኛ ክፍል አልጀብራ 1 የጨረሰ ልጅ ዘጠነኛ ላይ ጂኦሜትሪ፣ አሥረኛ ላይ አልጀብራ 2፣ አሥራ አንደኛ ላይ ፕሪካልኩለስ፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ ካልኩለስ ይወስዳል። ይደርሳል፤ ግን ምንም ትርፍ ዓመት የለውም። በስምንተኛ ጂኦሜትሪ የጨረሰው በአንድ ዓመት ይቀድመዋል፤ አልጀብራ 2 የጨረሰው በሁለት። ልዩነቱ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ይታያል፤ አንዱ ካልኩለስ ይዞ ይገባል፣ ሌላው ገና ፕሪካልኩለስ ላይ ነው።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት ብዙ ቤተሰብ ጂኦሜትሪን በሰመር ያስወስዳል። ችግሩ፣ ዓመት ሙሉ የሚሰጥ ትምህርት በጥቂት ሳምንት ሲታጨቅ መጀመሪያ የሚዘለለው ማረጋገጫ መጻፍ ነው። ልጁ ቀመሩን ይዞ ይወጣል፣ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት ያቅተዋል። ከዚህ የባሰው አልጀብራ 1 ላይ የቀረ ክፍተት ነው፤ ፋክተር ማድረግ፣ ተለዋዋጭ ያለበት ክፍልፋይ፣ አብሶሉት ቫልዩ ያለበት እኩልነት። ቲጄ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ትምህርት ከብዶት አይደለም። በእነዚህ በሦስቱ ቀርፋፋ ስለሆነ ፈተናውን በሰዓቱ አይጨርስም።

የዓለም እናት፦
ጋሼ መምህር፣ ይህ ሁሉ የሚወሰነው ስምንተኛ ክፍል ነው?

መምህር፦
አይደለም እህቴ፤ እኔም የሚያስቆጨኝ ይኼ ነው። አልጀብራ 1ን በሰባተኛ ክፍል ለመውሰድ ካውንቲው ለዓመታት ሲጠቀምበት የኖረው መስፈርት ሁለት ነው፤ በአዮዋ የአልጀብራ ዝግጁነት ፈተና ከመቶ እጅ 91ኛው ደረጃና ከዚያ በላይ፣ ኤስኦኤል በተባለው የስቴቱ ፈተና የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ደግሞ ከ600 ቢያንስ 500። ሁለቱንም ልጁ የሚወስደው ስድስተኛ ክፍል ሆኖ ነው። የሰባተኛ ክፍሉን ኤስኦኤል በስድስተኛ ለመውሰድ ደግሞ ቀድሞ የላቀው የሒሳብ ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። እዚያ የሚገባው በአብዛኛው ኤኤፒ በሚባለው የካውንቲው የላቀ ትምህርት ፕሮግራም ውስጥ ያለው ነው። የኤኤፒ ሙሉ ፕሮግራም የሚጀምረው ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ምርጫው የሚካሄደው ሁለተኛ ክፍል ላይ። ወላጅ በስምንተኛ ክፍል ስለ ቲጄ ሲከራከር፣ ወረፋው ከስድስት ዓመት በፊት ተይዟል።

ለዚህ ነው ድሮም ቢሆን ከካርሰን፣ ከሎንግፌሎውና ከሮኪ ረን ሚድል ስኩሎች በየዓመቱ በርካታ ልጅ ሲገባ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ በሚበዛበት በሩት 1 መንገድ መስመር ካሉት ጥቂት ብቻ የሚገባው። ፈተናው ልዩነቱን አሳየ እንጂ አልፈጠረውም።

ገበታ፦
የተማሪዎቹን ስብጥር ላስቀምጥ። በ2020 ከገቡት 73 በመቶ እስያውያን ነበሩ። ጥቁሮች ከ10 በታች ስለነበሩ ትክክለኛ ቁጥራቸው በይፋ አልወጣም። በ2021 እስያውያን 54 በመቶ፣ ነጮች 22፣ ሂስፓኒኮች 11፣ ጥቁሮች 7 በመቶ ገደማ ሆኑ። ትልቁ ለውጥ ግን በዘር ላይ አይደለም። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት ከ1 በመቶ በታች ነበሩ፤ ወደ 25 በመቶ ወጡ። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው እስያውያን በ2020 የገባው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 51 ገቡ። የገቡት ሁሉ አማካይ ጂፒኤ (የክፍል ውጤት) 3.95 ነበር።

ቀመር፦
ያን ሁሉ ስትዘረዝር ወንበሩ በ64 ጨምሮ ሳለ የተቀበሉት እስያውያን ከ355 ወደ 299 መውረዳቸውን ዘለልከው። ጂፒኤውም አይለይም፤ 3.5 ከሌለው ማመልከት የማይችል ስለሆነ ሁሉም ከላይ ነው የተከማቸው። ትምህርት ቤቶቹ ኤ የሚሰጡበት ልክም አንድ አይደለም። ጎበዝን ከጎበዝ የሚለየው ፈተና ብቻ ነበር፤ እሱን አነሱት።

ችሎት፦
በሕጉ በኩል ያለውን ባጭሩ ላስገባ። የወላጆች ማኅበር በ2021 ከሰሰ። በፌብሩዋሪ 2022 ዳኛ ክሎድ ሂልተን «አሠራሩ እስያውያንን ያገላል» ብለው ከወላጆቹ ጋር ቆሙ። በሜይ 2023 የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ ሻረው። ዋና ምክንያቱ፣ እስያውያን ከአመልካቹ 48.6 በመቶ ሆነው ከተቀበሉት 54 በመቶ ናቸው፤ ገምጋሚዎቹም የልጁን ስም፣ ዘርም ሆነ ጾታ አያዩም የሚል ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አልመለከትም አለ፤ ዳኛ አሊቶና ዳኛ ቶማስ በጽሑፍ ተቃወሙ። በ2025 ደግሞ የፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር ምርመራ ከፍቷል።

ቀመር የቁጥሩ መውረድ ላይ ልክ ነህ፤ ፍርድ ቤቱ ያመዛዘነው ግን ካመለከተው ስንቱ ገባ የሚለውን ነው።

የዓለም እናት፦
የእኛ ልጆችስ ከየት ነው የሚቆጠሩት?

ገበታ፦
«ጥቁር» በሚለው ውስጥ ናቸው። እዚያው ውስጥ ከአራት ትውልድ በላይ እዚህ የኖረ ቤተሰብ ልጅም፣ የናይጄሪያ ሐኪም ልጅም፣ አምና ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅም አለ። ካውንቲው ለወላጆች የሚልከውን ወረቀት ወደ አማርኛ ያስተረጉማል፤ በአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የተለየ የቅበላ ቁጥር ግን አያወጣም። ስለዚህ «አበሻ ተጠቀመ» ወይም «ተጎዳ» የሚል ሁሉ ከ7 በመቶው ላይ ግምት ነው የሚሠራው። ይህ መስተካከል አለበት፤ ቋንቋው በምዝገባ ፎርሙ ላይ ተሞልቷል እኮ፣ አጠናቅሮ ማውጣት ብቻ ነው የቀረው።

መምህር፦
የነጥቡን አሰጣጥ ማወቅ ለወላጅ ከክሱ ይበልጥ ይጠቅማል። ለመጀመሪያው ክፍል የሠራው ይህ ነበር፦ ጂፒኤ 300፣ ስለራስ የሚጻፈው 300፣ የሒሳብ ወይም የሳይንስ ችግር መፍቻ ድርሰቱ 300። ከዚያ ለነፃ ወይም ቅናሽ ምሳ ብቁ ለሆነ 90፣ እንግሊዝኛ እየተማረ ላለ 45፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ለሚያገኝ 45፣ ጥቂት ልጅ ልኮ ከሚያውቅ ሚድል ስኩል ለመጣ 45።

ቀመር እንዳለው ጂፒኤው ካልለየ፣ ወሳኙ 600 ነጥብ ያለው ሁለቱ ጽሑፎች ላይ ነው። የችግር መፍቻው ድርሰት ላይ የእኛ ልጆች ነጥብ የሚጥሉበትን ልንገራችሁ፤ መልሱን አግኝተው መንገዱን አይጽፉም። ሊጻፍ የሚገባው የተሰጠው ምን እንደሆነ፣ ምን ታሳቢ እንደተደረገ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደተወሰደ፣ መለኪያው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ መልሱ በሌላ መንገድ ሲፈተሽ ነው። ቤት ውስጥ በሳምንት አንድ ጥያቄ ይፍታ፤ መልሱን ሳይሆን ማብራሪያውን አንድ ገጽ ይጻፍ። የታላቅ ወንድም ወይም እህት እርማት በቂ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

የምሳውን ፎርም በኩራት ሳይሞላ የሚቀር ቤተሰብም አለ። የፌዴራሉ መስፈርት ለነፃ ምሳ ከድህነት ወለል 130 በመቶ፣ ለቅናሽ 185 በመቶ ድረስ ነው። በአንድ ሰው ደሞዝ የሚተዳደር ብዙ ልጅ ያለው ቤት ሳያውቀው ከዚህ በታች ሊሆን ይችላል።

ቀመር፦
እዚህ ላይ ከመምህር ጋር አንድ ነኝ። ፈተናው ይመለስ የሚለውን አልተውም፤ ግን ፈተናው ከመመለሱ በፊት በየትምህርት ቤቱ የላቀ ሒሳብ ይከፈት። አንዳንዱ ሚድል ስኩል ጂኦሜትሪ የሚወስድ ልጅ ከአንድ ክፍል አይሞላለትም።

የዓለም እናት፦
ኤኤፒ ማዕከል ወዳለበት ሚድል ስኩል ልጅን ማዛወር ይሻላል ወይስ ሰፈር ማቆየት?

መምህር፦
1.5 በመቶው የሚቆጠረው ልጁ በሚማርበት ትምህርት ቤት ነው። 400 የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት 6 ወንበር አለው። ማዕከል ወዳለበት ከሄደ ለእነዚያ ወንበሮች የሚወዳደረው ከብዙ ጎበዞች ጋር ነው፤ ሰፈር ከቀረ ውድድሩ ይቀላል፣ ሒሳቡ ግን ሊያንስ ይችላል። የእኔ ምክር፦ የሰፈሩ ትምህርት ቤት አልጀብራ 1ን በሰባተኛ፣ ጂኦሜትሪን በስምንተኛ ክፍል የሚሰጥ ከሆነ እዚያው ይቆይ። የማይሰጥ ከሆነ ይዛወር፤ ቲጄ ባይገባ እንኳ የተማረው ሒሳብ አብሮት ይኖራል።

ችሎት፦
ለዓለም እናትና ለሌሎችም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አድራሻው ላይ ነው። ቲጄ የፖስታ አድራሻው አሌክሳንድሪያ ይላል፤ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ነዋሪ ግን ማመልከት አይችልም። ተሳታፊዎቹ የፌርፋክስ፣ የአርሊንግተን፣ የላውደንና የፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲዎች፣ እንዲሁም የፌርፋክስና የፎልስ ቸርች ከተሞች ናቸው። ፖስታችሁ ላይ «አሌክሳንድሪያ» የሚል ካለ ግብር የምትከፍሉት ለከተማው ይሁን ለፌርፋክስ ካውንቲ የመኪና ግብር ደረሰኛችሁ ላይ ተመልከቱ።