1080 ቲአይ፣ 3060 ወይስ 4060? ኮሩ የሚበዛው የአሮጌው ነው፤ ታዲያ ለምን አዲሱን ግዛ ይሉኛል?

ጥያቄ፦ ሬንደር ናፋቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ግራፊክስ ካርድ ልገዛ ነው፤ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ባለ 11 ጊጋ፣ ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ፣ ወይም ከዱባይ የሚመጣልኝ አዲስ አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋ። ርካሹ 1080 ቲአይ ነው፣ ውዱ 4060።

ኮምፒውተሩ ኮር አይ5-8400፣ ቢ360 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋ ራም፣ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለካርድ የሚሆን አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ ብቻ ነው ያለው)። ዩፒኤሱ 650 ቪኤ ነው። ሞኒተሩ 1080ፒ፣ ቪጂኤ ብቻ የሚቀበል። ሥራዬ በብዛት ብሌንደር (የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም) ነው፤ የሠርግ ቪዲዮም ኤዲት አደርጋለሁ፣ ትንሽ ጌምም አለ።

ግራ ያጋባኝ ቁጥሩ ነው። 1080 ቲአይ 3584 ኮር ከ352 ቢት ጋር፣ 4060 ደግሞ 3072 ኮር ከ128 ቢት ጋር። በየትኛው ሒሳብ ነው አዲሱ የሚበልጠው?

መልስ፦ ሲሊከን

የኮር ቁጥር የሚያገለግለው አንድ ትውልድ ውስጥ ያሉ ካርዶችን ለማወዳደር ነው። 1080ን ከ1080 ቲአይ ጋር ብታስተያይ ያስኬዳል፤ ትውልድ ስትሻገር ግን ያሳስትሃል። አርቲኤክስ 2070 (የ2018 ካርድ ነው) ያለው 2304 ኮር ብቻ ነው፤ 3060 ደግሞ 3584። በጌም ግን ሁለቱ እኩል ለእኩል ናቸው። ለምን ቢባል፣ በ2070 ዘመን የሙሉ ቁጥር ሒሳብ የሚሠራው ክፍል ለብቻው ስለነበር ኮር ተብሎ አይቆጠርም። በ2020 በወጣው አምፔር ያ ክፍል የአሥርዮሽ ሒሳብም እንዲሠራ ተደረገና ቁጥሩ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። ሙሉ ቁጥር በሚያሰላበት ቅጽበት ግን አሥርዮሹን ይተወዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ አልሆነም።

ከዚያ ሰዓቱ አለ። ፋብሪካው የሚሰጠው የቡስት ፍጥነት ለ1080 ቲአይ 1582 ሜጋኸርትዝ፣ ለ3060 1777፣ ለ4060 2460 ነው። ኮሩን በ2፣ ያንን በፍጥነቱ ብታባዛ 11.3፣ 12.7 እና 15.1 ቴራፍሎፕስ (በሰከንድ ስንት ትሪሊዮን ሒሳብ) ይመጣልሃል። አሁን 4060 ቀደመ ማለት ነው።

ስለ ቢቱ ያልከው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚሞሪው ፍሰት በ1080 ቲአይ በሰከንድ 484 ጊጋባይት፣ በ3060 360፣ በ4060 272 ነው። 4060 ይህን የሚያካክሰው በኤል2 ካሽ (ቺፑ ውስጥ ባለ ትንሽ ፈጣን ሚሞሪ) ነው፤ 24 ሜጋባይት አለው፣ ሁለቱ አሮጌዎች 3 ሜጋባይት እንኳን ቢደርሱ ነው። ካሹ ወደ ሚሞሪ የሚደረገውን ምልልስ ይቀንሳል፤ የሚሞሪውን መጠን ግን አይጨምርም። 8 ጊጋው ሲሞላ ትርፉ በማዘርቦርዱ በኩል ወደ ራም ይሄዳል። 4060 የተሠራው በ8 መስመር ብቻ ነው፤ ያንተ ቢ360 ደግሞ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ስለሆነ መንገዱ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ያሳልፋል። 272 የነበረው 8 ሆነ! ሚሞሪው እስካልሞላ ድረስ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ የሞላ ቀን ግን ጌሙ ይንቀራፈፋል፣ ብሌንደርም ወይ ይዘገያል ወይ ሚሞሪ አለቀ ብሎ ያቆማል።

መልስ፦ የድሮ ፍቅር

ወንድሜ፣ ሥራህ ጌም ብቻ ቢሆን 1080 ቲአይን ያዘው እልህ ነበር። በ2017 በ699 ዶላር የወጣ ካርድ ነው፤ በቆዩ ጌሞች ዛሬም ከ3060 ጋር አንገት ለአንገት ነው፣ አንዳንዱ ላይ ይቀድመዋል። ዲኤልኤስኤስ (ምስሉን በዝቅተኛ ጥራት ሠርቶ የሚያሳድገው የኤንቪዲያ ዘዴ) የለውም፤ የኤኤምዲ አቻው ኤፍኤስአር ግን ይሠራበታል።

መልስ፦ ሲሊከን

በቆዩት ጌሞች እውነት ነው። አዳዲሶቹ ግን የሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ የሚያሰላ) ሃርድዌር ግዴታ እያደረጉ ነው፤ የ2025ቱ ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ 1080 ቲአይ ላይ ጨርሶ አይከፈትም። የድራይቨሩም ጉዳይ አለ። ኤንቪዲያ ለፓስካል ካርዶች፣ ማለትም ለ10 ሲሪየስ በሙሉ፣ መደበኛ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ እስከ 2028 የሚቀጥለው በየሦስት ወሩ የሚወጣ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ኩዳ (ካርዱን ለሒሳብ ሥራ የሚያውለው የኤንቪዲያ ሶፍትዌር) 13ም ፓስካልን አይደግፍም።

ለጠያቂው ዋናው ግን ብሌንደር ነው፤ እዚያ ውድድር የለም። ሳይክልስ (የብሌንደር ሬንደር ሠሪ) በኦፕቲክስ (በኤንቪዲያ የሬይ ትሬሲንግ ሶፍትዌር) ሲሠራ የሬይ ትሬሲንግ ኮሮቹን ስለሚጠቀም 3060 ከ1080 ቲአይ ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ 4060 ከዚያም ያልፋል። ግን ካርዱን ቀይሮ ኩዳ ላይ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ሲስተም ገብተህ ኦፕቲክስን ምረጥ፤ ከዚያ የሬንደር ገጹ ላይ ዲቫይሱን ወደ ጂፒዩ ኮምፒውት ቀይር። ሁለተኛውን ከረሳህ ሬንደሩን የሚሠራው ሲፒዩው ነው፣ ካርዱ ቁጭ ብሎ ያያል።

የኔ ምርጫ 3060 ነው። ትዕይንቶችህ ትንንሽ ከሆኑና 8 ጊጋ የማይሞሉ ከሆነ 4060። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ 3060 ባለ 8 ጊጋም አለ። እሱ 128 ቢት ነው፣ ፍሰቱ 240 ጊጋባይት፤ ስሙ አንድ ሆኖ በግልጽ የሚያንስ ካርድ ነው።

መልስ፦ ኮረንቲ

ስለ ፍጥነቱ ከመከራከራችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩን እዩት እንጂ። 1080 ቲአይ 250 ዋት ይጎትታል፤ ፋብሪካው የሚመክረው 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው፤ አንዳንዱ ሞዴል አንድ 8 ፒን እና አንድ 6 ፒን ይፈልጋል፣ ሌላው ሁለት 8 ፒን። አንተ ያለህ አንድ 8 ፒን ነው። ሻጩ «ችግር የለም፣ ከሳታ የሚቀይር ገመድ አለኝ» ይልሃል፤ እንዳትቀበል። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፣ 6 ፒን ግን 75 ዋት ሊጎትት ይችላል። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

3060 170 ዋት ነው፣ 4060 115። ለሁለቱም የሚመከረው 550 ዋት ቢሆንም፣ አይ5-8400 65 ዋት ሲፒዩ ስለሆነ ትክክለኛ 450 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ለ4060 ምቹ ነው፣ ለ3060ም ይበቃል። ትክክለኛ የምለው ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት አንብበህ ነው፦ በ12 ቮልት መስመር ላይ የተጻፈው አምፒር በ12 ሲባዛ 400 ዋት አካባቢ ካልመጣ 450 የሚለው ጽሑፍ ጌጥ ነው።

ዩፒኤሱንም አስብበት። አብዛኛው 650 ቪኤ የሚችለው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። 1080 ቲአይ ሬንደር ላይ እያለ መብራት ከጠፋ፣ ካርዱ፣ ሲፒዩውና ሞኒተሩ ተደምረው ጣሪያው ላይ ስለሚደርሱ ዩፒኤሱ ጮሆ ወዲያው ሊዘጋ ይችላል። በ4060 ግን ፋይል ሴቭ አድርገህ የምትዘጋበት ጊዜ ታገኛለህ።

መልስ፦ ፍሬም ቆጣሪ

ያገለገለውን ከወሰድክ ገንዘብ ሳትከፍል እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትሽ። ጂፒዩ-ዚን (የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ፕሮግራም) በፍላሽ ይዘህ ሂድ። 3060 ላይ ሼደር (ማለትም ኮሩ) 3584፣ ባስ 192 ቢት፣ ሚሞሪ 12288 ሜጋባይት ማለት አለበት። 1080 ቲአይ ከሆነ ቺፑ ጂፒ102፣ ሮፕ 88፣ ሚሞሪ 11264። ባዮሱ ተቀይሮ ሌላ ስም የተለጠፈበት ካርድ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ፌክ ብሎ ይጽፍልሃል። የባስ ኢንተርፌስ መስመሩ 1.1 ቢል አትደንግጥ፤ ካርዱ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አጠገቡ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጭነህ ቴስቱን ስታስጀምር ያንተ ማዘርቦርድ ላይ ወደ 3.0 መውጣት አለበት። ካልወጣ ወይም 16 መስመር የነበረው 8 ወይም 4 ካለ፣ ወይ የወርቅ ጥርሱ ቆሽሿል ወይ ካርዱ በደንብ አልገባም።

ከዚያ ፈርማርክን (ካርዱን የሚያስጨንቅ መፈተሻ) ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስኪደው። ሙቀቱ ሽቅብ እየወጣ ፍጥነቱ ከወረደ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፔስት ደርቋል፤ ይህ የሚጠገን ነው፣ ዋጋ አስቀንስበት። 1080 ቲአይ 84 ዲግሪ ላይ ራሱን መቀነስ ይጀምራል፣ የመጨረሻው ገደብ 91 ነው። ቀጥሎ ኦሲሲቲ ላይ ያለውን የቪራም ቴስት አስኪድ፤ አንድ ኤረር እንኳን ካወጣ ካርዱን መልስ። ስክሪን ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ወይም ካሬ ካየህም እንደዚያው፣ ሚሞሪው ሄዷል። ኢቴሪየም በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ማይኒንግ ሲያቆም ብዙ 3060 ወደ ገበያ ወጥቷል፤ ማይኒንግ ላይ የነበረ ካርድ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ፋኑ ግን ስለሚያልቅ በእጅህ አወዛውዘው፣ ከተንቀጫቀጨ ፋን መቀየሪያውን ከዋጋው ቀንስ።

ሁለት ካርድ ጎን ለጎን ለማወዳደር እድል ካገኘህ የብሌንደርን ቤንችማርክ ተጠቀም፤ ነፃ ነው። ጌም ላይ የምትለካ ከሆነ ደግሞ ሦስት ጊዜ አስኪድና የመጀመሪያውን ጣለው፤ ሼደር እያዘጋጀ ስለሚሆን ይዋሻል። አማካዩን ብቻ አትይ፣ ዝቅተኛውን 1% (በጣም የዘገዩትን ፍሬሞች) እይ። የካርዱ አጠቃቀም ከ95% በታች ከሆነ የያዘህ አይ5-8400 ነው፤ እዚያ ላይ ሦስቱም ካርዶች አንድ ዓይነት ውጤት ቢሰጡ አይግረምህ። ኢንቴል አርክ ቢ580 ግዛ የሚልህም ሰው ይመጣል። ካርዱ ጥሩ ነው፤ ግን ሪሳይዘብል ባር (ሲፒዩው የካርዱን ሚሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲደርስበት የሚያደርግ የማዘርቦርድ ቅንብር) ይፈልጋል፣ ኢንቴል የሚመክረውም ከ10ኛ ትውልድ ወዲህ ላሉ ሲፒዩዎች ነው።

መልስ፦ ታይምላይን

ስለ ቪዲዮው ማንም አላነሳም። ሠርጉ የሚቀረጸው በሶኒ ኤ7 4 ወይም ኤ7ኤስ 3 ከሆነና ባለ 10 ቢት 4:2:2 (ከ4:2:0 የበለጠ የቀለም መረጃ የሚይዝ ቅርጸት) ከሆነ፣ ከሦስቱ ካርዶች አንዱም አይፈታውም። እስከ 40 ሲሪየስ ድረስ ያሉት የኤንቪዲያ ካርዶች 4:2:2ን በሃርድዌር አይፈቱም፤ የጀመረው በ50 ሲሪየስ ነው። በሲፒዩህ ውስጥ ያለው ግራፊክስም አይችልም። ስለዚህ ወይ ካሜራው ላይ 4:2:0 አስመርጥ፣ ወይ ሌሊት ፕሮክሲ (ቀለል ያለ ቅጂ) አሠርተህ ጠዋት በፕሮክሲው ኤዲት አድርግ። ኤክስፖርት ላይ ሦስቱም ኤች.264 እና ኤች.265 ይሠራሉ፤ ኤቪ1 (አዲሱን የቪዲዮ ቅርጸት) የሚጽፈው 4060 ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ትንሿ ሳጥን

በዚሁ ላይ ልጠይቅ፦ ኦፕቲፕሌክስ ጠፍጣፋው ኤስኤፍኤፍ ነው ያለኝ፤ ለካርድ የሚሆን ገመድ የለውም። ለኔስ?

መልስ፦ ኮረንቲ

እህቴ፣ ያንቺ ካርድ ኃይሉን የሚያገኘው ከስሎቱ ብቻ ነው፤ ስሎቱ ደግሞ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። ለጠፍጣፋ ሳጥን የሚሆነውን (ሎው ፕሮፋይል) አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋ ፈልጊ፣ 70 ዋት ነው። ባለ 8 ጊጋው 3050 ገመድ ይፈልጋልና እንዳትሳሳቺ። ጂቲኤክስ 1650ም ይሆናል፣ ግን 6 ፒን ያላቸው ዓይነቶች ስላሉ ጎኑን እይው። አርኤክስ 6400 ርካሽ ነው፤ በ4 መስመር ብቻ ስለሚሠራ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ይጎዳል፣ ቪዲዮ መጻፊያም የለውም። ከመግዛትሽ በፊት ሳጥኑን ክፈቺና ከስሎቱ ጎን ለሁለተኛ ስሎት የሚሆን ቦታ መኖሩን ለኪ።

ጥያቄ፦ ሬንደር ናፋቂ

አመሰግናለሁ፣ 3060 ባለ 12ቱን ልወስድ ነው። ቪጂኤ ሞኒተሩስ? ስገጥመውስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፍሬም ቆጣሪ

አዲስ ካርዶች ቪጂኤ የላቸውም፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ ውስጡ ቺፕ ያለው አዳፕተር ግዛ። ሞኒተሩን ካርዱ ላይ ሰካ እንጂ እንደ ድሮው ማዘርቦርዱ ላይ አትተወው።

የኤንቪዲያን ድራይቨር አስቀድመህ አውርድ። ካሁን በፊት ሌላ ካርድ ከነበረህ ኢንተርኔቱን ነቅለህ በሴፍ ሞድ በዲዲዩ (ድራይቨር ማጽጃ ፕሮግራም) የድሮውን ድራይቨር አጽዳ። ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ገመዱን ከግድግዳ ንቀል፣ የፓወሩን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ይዘህ ቀሪውን ኮረንቲ አውጣ። ካርዱ ስሎቱ ውስጥ ቀጭ እስኪል ግፋው፣ ባለ 8 ፒኑን ሰካ፣ ብሎኑን እሰር፣ አብራው። ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ የ8 ፒኑን ገመድ እይ፤ የሲፒዩው 8 ፒን ስለሚመስል እሱን በግድ የሚከቱ አሉ።