ቆጣሪ ስላለኝ የሶላር ብድር ተከለከልኩ

ጅማ፣ ጅሬን ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። መብራቱ በሳምንት ሦስት አራቴ ድርግም ይላል። ባለፈው ሐሙስ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌው ግማሽ ላይ ቀረብኝ።

ሁለት ባለ 300 ዋት ፓኔልና ባለ 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ይበቃሻል ተብያለሁ። ካውያውን ተዉት፣ እሱን በከሰል እወጣዋለሁ። አከራዬ ጣሪያው ላይ መትከሉን ፈቅደዋል። ግማሹን ብርም አጠራቅሜያለሁ።

ለቀሪው አንድ የብድር ተቋም ሄድኩ። «የሶላር ብድሩ መስመር ላልደረሰበት ገጠር ነው፣ እርስዎ ቆጣሪ አለዎት» አሉኝ። መደበኛውን ብድር ስጠይቅ ደግሞ የቤት ካርታ። ተከራይ ካርታ ከየት ያመጣል? ተንቀሳቃሽ ንብረት ማስያዝ የሚፈቅደውን አዋጅ 1147/2011 ባነሳ «እኛ ጋ አልተጀመረም» ተባልኩ።

ቆጣሪ እያላችሁ፣ ፓኔሉን ወይም የስፌት መኪናችሁን አስይዛችሁ ጅማ ውስጥ የሶላር ብድር ያገኛችሁ ካላችሁ፣ በየትኛው ተቋም በኩል ነው ያለቀላችሁ?