ውሻዬ ኢንሱሊን ከወጋኋት በኋላ እየተንቀጠቀጠች ነው፣ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የቼሪ እናት
ማን አለ? ቼሪ ስኳር አለባት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋታለሁ። ዛሬም 12 ሰዓት ላይ እንደ ሁልጊዜው 8 ዩኒት ወጋኋት፣ ራቷንም ጥርግ አድርጋ በልታለች። አሁን 3 ሰዓት ሊሆን ነው። ትንቀጠቀጣለች፣ ስትቆም የኋላ እግሯ ይከዳታል፣ ስጠራት ግድግዳውን ነው የምታየው። ትናንት ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም፣ መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ሞቆ ተበላሽቶ ይመስለኛል። ሐኪሟ ስልክ አታነሳም። ሌላ ብልቃጥ ገዝቼ ልድገምላት? ቦሌ አካባቢ በዚህ ሰዓት ክፍት ፋርማሲ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሰሚት ልጅ
እኛ ስኳር ተወደደ እያልን እናለቅሳለን፣ ለካ ውሻ ቤት ነው የተከማቸው 😂

ኑኑ ገርጂ
እንዳትደግሚ!!! ማር አለሽ? ድዷን ቀቢ፣ አሁኑኑ።

አያ ደጉ
እህቴ አትቀየሚኝ፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ውሻ ማለት ትርፍራፊ በልቶ አጥንት ቆርጥሞ ግቢ የሚጠብቅ ፍጡር ነው። እናንተ ሶፋ ላይ አስተኝታችሁ ኬክ ታበሏቸውና የሰው በሽታ ታስይዟቸዋላችሁ። እኛ ቤት ስንት ውሻ አርጅቶ ሞተ፣ አንድም ቀን ስኳር ሲባል አልሰማንም። ደግሞ ሰው ኢንሱሊን መግዣ አጥቶ በሚሰቃይበት አገር…

የባዮሎጂ መምህር
አያ ደጉ፣ አልሰማችሁም ማለት አልነበረም ማለት አይደለም። በ1889 እ.ኤ.አ. ስትራስቡርግ ላይ ሐኪሞቹ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የውሻ ቆሽት ቆርጠው ሲያወጡ ነው ስኳር ከቆሽት ጋር መያያዙ የታወቀው። በ1921 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ባንቲንግና ቤስት ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊንን መጀመሪያ የሞከሩት ውሻ ላይ ነው። ዛሬ ሰው የሚወጋው መድኃኒት የመጣው በውሾች በኩል ነው፣ እንዲያውም ባለዕዳዎቹ እኛ ነን። በውሻ የሚታየው ስኳር ብዙውን ጊዜ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም ስለሆነ…

ኑኑ ገርጂ
መምህር ታሪኩን ነገ! ውሻዋ ወድቃለች እኮ። እህት፣ ማር ቀባሻት ወይ?

ሚኪ 22
የስኳር በሽተኛ ናት እየተባለ ማር? ያለ ስኳር የሚሸጠውን ብስኩት ወይም ማስቲካ ብትሰጫት አይሻልም?

እረፍት ላይ ያለ ቬት
ሚኪ፣ እባክህ! ያለ ስኳር በሚሸጡት ማስቲካዎችና ጣፋጮች ውስጥ ብዙ ጊዜ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለ፣ እሱ የውሻን ስኳር ድብን አድርጎ ያወርዳል፣ ጉበትም ይጎዳል። አሁን የሚያስፈልጋት እውነተኛው ስኳር ነው። ማር ከሌለ በውሃ የተበጠበጠ ስኳር። ድዷንና የከንፈሯን ውስጥ ብቻ ቀቢ፣ ወደ ጉሮሮዋ አታፍስሺ፣ ሳንባዋ ይገባል። እጅሽንም ከጥርሷ ጠብቂ፣ ራሷን ስታ ልትነክስሽ ትችላለች።

የቼሪ እናት፣ መነሻሽ ደግሞ ልክ አይደለም። ሙቀት የመታው ኢንሱሊን አቅሙን ያጣል እንጂ መርዝ አይሆንም። አቅም ያጣ ኢንሱሊን ስኳሯን ከፍ ነው የሚያደርገው፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ትሸናለች። አንቺ የምትነግሪን የወረደ ስኳር ነው። ስለዚህ ወይ የበላችውን አስመልሳለች፣ ወይ የገባላት መጠን በዝቷል። የሲሪንጁ ክዳን ምን ቀለም ነው? ብልቃጡ ላይስ 40 ይላል 100?

የቼሪ እናት
ማር ቀባኋት፣ ምላሷን ማላወስ ጀምራለች። አላስመለሰችም። መጠኑ እንዴት ይበዛል? 8 ዩኒት ነው፣ ከተጀመረ ጀምሮ 8 ነው። የአክስቴ ልጅ ከጀርመን የሚያመጣው ጠዋት አለቀ፣ ማታ ባለፈው ሳምንት ከፋርማሲ የገዛሁትን ከፈትኩ፣ ያው ኢንሱሊን ነው። ሲሪንጁ የድሮው ነው፣ ክዳኑ ቀይ። ሲሪንጅ ምን አገናኘው?

ሰሚት ልጅ
ቀይ ካርድ 🟥 (ይቅርታ፣ አሁንስ ዝም ልበል)

እረፍት ላይ ያለ ቬት
ሁሉም ነገር ሲሪንጁ ላይ ነው። የጀርመኑ የእንስሳት ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ነው ያለው፣ ቀይ ክዳኑም የተሠራው ለሱ ነው። ፋርማሲ የምናገኘው የሰው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው፣ የሱ ሲሪንጅ ክዳን ብርቱካናማ ነው። በቀዩ 8 ላይ ስትስቢ የሚገባው 0.2 ሚሊ ሊትር ነው። ከ100ው ብልቃጥ ያ ማለት 20 ዩኒት። ክብደቷ ስንት ነው?

የቼሪ እናት
16 ኪሎ። በእናቴ መለኪያ ከጆሮዋ ደም ወሰድኩ፣ 47 ይላል።

ነርስ ነኝ
የሰው መለኪያ የውሻን ደም ትንሽ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው፣ ቢሆንም ከ60 በታች ሆኖ እንዲህ ከሆነች አትጠብቂ፣ ማሩን ቀጥይ።

እረፍት ላይ ያለ ቬት
ልክ ነው። ማሩ ቶሎ ያልቃል፣ ኢንሱሊኑ ግን ለሰዓታት ይሠራል፣ አሁን ብትነቃም መልሶ ሊጥላት ይችላል። ጎረቤት ወይም ታክሲ ጥሪና ክፍት የእንስሳት ክሊኒክ ውሰጂያት፣ በደም ሥር ግሉኮስ ያስፈልጋታል። መንገድ ላይ በየ15 ደቂቃው ድዷን ቀቢ። ቀና ብላ መዋጥ ከቻለች ሩዝ በዶሮ ትንሽ ትንሽ አብያት። የነገ ጠዋቱን መርፌ ሐኪሟ ሳታውቅ እንዳትወጊ። ብልቃጡንና ሲሪንጁን ይዘሽ ሂጂ፣ አፍሽ ቢጠፋ እነሱ ይናገራሉ።

ኑኑ ገርጂ
ማር!!! እኔ መጀመሪያ ብያለሁ።

አያ ደጉ
እኔ አሁንም አጥንት ነው የምለው። ለማንኛውም እግዜር ይማርልሽ። እኔ ጋ መኪና አለ፣ ገርጂ ነኝ፣ ካስፈለገሽ በውስጥ ጻፊልኝ።

የቢሾፍቱ ሰው
ሴት ናት ብለሻል፣ መክናለች ወይ? ካልመከነች ወንድ በፈለገች ቁጥር ሆርሞኗ ኢንሱሊኑን ይታገለዋል፣ ስኳሯ መላ አይኖረውም። የኔም እንዲህ አድርጋኝ ነበር። ሐኪሞቹ መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ አመከኗትና መጠኑ ቀነሰ። ስትረጋጋ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋ ብቅ በይ። መብራቱን ደግሞ አትፍሪው፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ማሰሮ ጥላ ውስጥ አስቀምጠሽ ብልቃጡን በላስቲክ ቋጥረሽ ብትከቺበት ይበርዳል። ስንት የገጠር ስኳር በሽተኛ በዚህ ነው የሚኖረው። በረዶ ላይ ግን አታስቀምጪ፣ መቀዝቀዙ ሳይሆን በረዶ ሠርቶ መርጋቱ ነው የሚያበላሸው።

ነርስ ነኝ
የቼሪ እናት፣ ደረስሽ?

ሚኪ 22
ይቅርታ፣ እኔ ብስኩት ያልኩት በቅን ልቦና ነው። ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥያቄ አለኝ፣ የኔ ሬክስ ሰሞኑን ባልዲ ውሃ ይጨርሳል፣ ማታ ግቢው በሽንት ይሞላል፣ እየበላ ይከሳል። ይሄ ምንድን ነው?

እረፍት ላይ ያለ ቬት
ሚኪ፣ ነገ ጠዋት ሽንቱን በንጹሕ ዕቃ ያዝና ወደ ክሊኒክ ውሰድለት፣ ስኳርና ኬቶን (ሰውነት ስኳር መጠቀም ሲያቅተው ስብ አቃጥሎ የሚያወጣውን) ይለኩለት። እስከዚያ ውሃ አትከልክለው።