ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ ሙዚየምን በአንድ ቀን አይቶ ለመመለስ

ጥያቄ፦ ቤዛ ከአዲስ

ሰላም ለሁላችሁም። ሐሙስ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ እንገባለን፣ የምናድረውም እዚያው ነው። ዓርብ ሙሉ ቀን ነፃ ነን፣ ቅዳሜ ጠዋት እንመለሳለን። አብረውኝ ያሉት እናቴ (68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል) እና 7ኛ ክፍል የሚማር ልጄ ናቸው። ልጁ «አንድ ቅርስ ዓይተህ ጻፍ» የሚል የቤት ሥራ አለበት።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ዓርብ 4፡00 ላይ ከኮምቦልቻ ተነስተን 5፡30 አካባቢ ደሴ ሙዚየም መግባት፣ ምሳ መብላት፣ ከሰዓት ሦስታችንም ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደርሰን ማታ ኮምቦልቻ መመለስ። ይሄ ያስኬዳል? ምንስ መያዝ አለብን? ሙዚየሙ ከጦርነቱ በኋላ የሚታይ ነገር አለው ወይ?

የሐረጎ ልጅ

መንገዱን ልንገርሽ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪናው ከተነሳ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ችግሩ ርቀቱ አይደለም፣ ሐረጎ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። ያንን ሁሉ ከፍታ የምትወጪው በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ከፊት የጫነ ሲኖትራክ ከገባ ኩርባው መቅደም አያስችልም፤ ሁሉም ከኋላው ተሰልፎ በእሱ እርምጃ ይወጣል። ክረምት ከሆነ ጉሙ ይጨመራል።

ሚኒባስ ከመናኸሪያ ታገኛላችሁ፤ ሲሞላ ነው የሚነሳው፣ ጠዋት ቶሎ ይሞላል። እናታችሁን ጋቢና አስቀምጧቸው፤ ኋላ ወንበር ላይ ለጉልበትም ለማዞርም ከባድ ነው። ልጁን መኪና የሚያዞረው ከሆነ ሆዱን ሞልቶ እንዳይወጣ፣ ስልክም እንዳያይ። ሎሚ መያዝ አይከፋም።

ልብስ አትርሱ። ኮምቦልቻ በቲሸርት የወጣ ሰው ደሴ ሲደርስ ጃኬት ይፈልጋል። ለእናታችሁ ጋቢ ወይም ወፍራም ነጠላ።

ጦሳ ሥር

ቤዛ፣ ዕቅድሽ ላይ ትልቁ ስህተት 5፡30 የምትለው ናት። ቀኑ ዓርብ ነው! የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ይዘጋል፤ በሌላው ቀን ግን ምሳ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ነው። ሙዚየሙም የመንግሥት ስለሆነ በዚሁ ሰዓት ቁጠሪው። በያዝሽው ዕቅድ ከሄድሽ በሩ ላይ ደርሰሽ ሁለት ሰዓት ትቆሚያለሽ። በዚያ ላይ ሸዋ በር መስጊድ አካባቢ በዚያ ሰዓት መንገዱ ይጨናነቃል።

ስለዚህ ከኮምቦልቻ 1፡30 ላይ ውጡ። 2፡30 ገደማ ደሴ ናችሁ፤ ሻይ ጠጥታችሁ 3፡00 ላይ ሙዚየም ግቡ። ሁለት ሰዓት በዝግታ ለማየት በቂ ነው፣ 5፡00 ላይ ትወጣላችሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ደውሉ ወይም የምታውቁት ሰው ካለ ሄዶ ይጠይቅላችሁ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ነገ ጠዋት ክፍት ነው ወይ፣ የትኞቹ ክፍሎች ናቸው የሚታዩት፣ አስጎብኚው በስንት ሰዓት ይገኛል። ይቺን ሦስተኛዋን ሰው ይዘልላታል። በር ክፍት ሆኖ የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ግቢውን ዓይቶ መመለስ ነው።

በር ላይ መታወቂያ ያዙ፤ ልጁ የተማሪ መታወቂያ ካለው እሱንም። ክፍያው ለዜጋና ለውጭ አገር ሰው ሊለያይ ስለሚችል የውጭ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ፣ ኔትወርክ ከጠፋ በስልክ መክፈል አይቻልም። ደረሰኝ ተቀበሉ።

ለባጃጅ «ሙዚየም» ብቻ ሳይሆን «ደሴ ሙዚየም፣ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት» በሉት። እንግዳ ሰው ከአይጠየፍ አዳራሽ ጋር ያምታታዋል። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ለእናትሽ ጉልበት ሲባል ኮንትራት ያዙ፣ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ።

መንገደኛ 14

እውነቱን ልንገርሽ፣ አትድከሚ። በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ልጁን አይጠየፍ አሳይተሽ ብትመልሺው ይሻላል።

ጦሳ ሥር

ተዘርፏል፣ ተጎድቷል፤ ይሄን ማንም አይክድም። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ በተያዙበት ጊዜ ከሆስፒታልና ከዩኒቨርሲቲ እስከ ሙዚየም ያልተነካ ነገር ጥቂት ነው። ግን «አትሂዱ» የሚለው አያስማማኝም። ቤቱ ራሱ ቅርስ ነው፤ የአንድ መኳንንት መኖሪያ ነበር። የጠፋውን ከተረፈው ለይቶ የሚያስረዳ ሰው ካገኛችሁ ለ7ኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የተሻለ ርዕስ የለም።

መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከ2014 በፊት የተነሱ ፎቶዎችንና ቪዲዮዎችን ዓይታችሁ «ያ ዕቃ የታለ?» ብላችሁ አትሂዱ። በአሮጌ ፎቶ ላይ ያለ ዕቃ ዛሬ በመደርደሪያው ላይ አለ ማለት አይደለም። በር ላይ ጠይቁ።

የታሪክ መምህር

ለልጁ የቤት ሥራ ልጨምር። ተማሪዎች ሙዚየም ገብተው ሲጽፉ አብዛኛው ስህተት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው፤ ይቺን አስቀድመሽ አስተምሪው።

መጀመሪያ ግዕዝ ቁጥር። ድሮ የተጻፈ ነገር ላይ ፲፱፻፮ ቢያይ እንዲህ ያንብበው፦ ፲ አሥር፣ ፱ ዘጠኝ፣ አንድ ላይ አሥራ ዘጠኝ፤ ቀጥሎ ፻ መቶ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ መቶ። ከዚያ ፮ ስድስት። 1906 ማለት ነው። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም፤ ስለዚህ የምልክቶቹን ብዛት ቆጥሮ «አራት ምልክት ስለሆነ አራት አኀዝ ነው» ብሎ እንዳይገምት። ፲፱፻ ሦስት ምልክት ብቻ ሆኖ 1900 ነው።

ቀጥሎ የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት። ሰው ሁሉ «8 ቀንስ» ይላል፤ ግማሹን ብቻ ነው ያወቀው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ነው፣ ፈረንጆቹ ዓመት ከቀየሩ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ሁለቱንም በአንድ ሰው ታሪክ ያሳየው። ራስ ሚካኤል የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆነው የነገሡት ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1914፤ ልዩነቱ 8። የተሸነፉበት የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1916፤ ልዩነቱ 7። ወሩን ሳያይ 8 የቀነሰ ልጅ ሰገሌን 1908 ብሎ ይጽፋል። መግለጫ ወረቀት ላይ «እ.ኤ.አ.» የሚል ከሌለ አስጎብኚውን ይጠይቅ፤ ዝም ብሎ አይገልብጥ።

ሦስተኛው ዕቃው ራሱ ላይ ያለ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ አዋቂም ይሳሳታል። ጠገራ ብር (የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት የድሮ ሳንቲም) የትም ሙዚየም ብታዩ 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ ሳንቲሙ መቼ እንደተሠራ ከቁጥሩ አይታወቅም፣ የኢትዮጵያም ዓመተ ምሕረት አይደለም። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። አጉልቶ ማየት ከቻለ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ያሉትን ዕንቁዎች ይቁጠር፣ 9 ናቸው፤ ገበያ ላይ እነሱን ቆጥሮ የሚቀበል ሰው ነበር።

ጠመንጃም እንደዚያው ነው። ውጅግራ ላይ 1874 ቢነበብ የሞዴሉ ዓመት ነው፣ እሱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ስሙም የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው፣ ግራ የሠሪው ስም ነው። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ።

ለአንድ ዕቃ አምስት ነገር ይጻፍ፦ ስሙ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን ጉዳት እንዳለበት። የመጨረሻዋን ማንም ተማሪ አይጽፋትም፤ መምህሩ ግን ልጁ በዓይኑ ዓይቶ መጻፉን የሚያውቀው በእሷ ነው። ሃያ ዕቃ ከሚገለብጥ ሁለት ዕቃ ላይ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ይቁም።

የሙዚቃ መሣሪያ ካያችሁ በነገራችን ላይ፣ ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስም መሆናቸውን ንገሪው። ማዋዣ ትሆነዋለች።

እመ ሐይቅ

ቤዛ እህትዓለም፣ ከሰዓት ያልሽው ላይ ማንም አላረመሽም። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አይገባም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያጸኑት ሥርዓት ነው፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው። የገዳሙ ዕቃ ቤትም ውስጥ ስለሆነ አንቺም እናትሽም አታዩትም። ልጁን ብቻ ከማያውቀው ሰው ጋር አትልኪው መቼም።

ሐይቁን ከዳር ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ሄዶ መመለሱ፣ መኪና መጠበቁ ሲደመር ከሰዓቱን ሙሉ ይበላል፤ ከዚያ ሐረጎን በጨለማ ልትወርዱ ነው። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

በምትኩ ከጁምዓ በኋላ አይጠየፍን ዕዩ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። «አይጠየፍ» የተባለው ማንንም የማይጠየፍ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚስተናገድበት ስለሆነ ነው። ውስጡ የሚከፈት መሆኑን ጠዋት ሙዚየም ያሉትን ሰዎች ጠይቋቸው፤ ከውጭም ቢሆን ግን ለማየት ይበቃል።

ጊዜ ከተረፋችሁ ቦሩ ሜዳ አለላችሁ፤ ከደሴ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ነው። ራስ ሚካኤልም ያኔ ኢማም መሐመድ ዓሊ ነበሩ፤ ከዚያ ጉባኤ በኋላ ነው ዐፄ ዮሐንስ ክርስትና ያነሷቸው። እንደ ሙዚየም የተደረደረ ነገር አትጠብቁ፤ አይጠየፍን ያየ ልጅ ግን ነገሩ ይገጣጠምለታል።

ምሳ ላይ፣ ዓርብ ስለሆነ የጾም በየቦታው ይገኛል። ሥጋ የሚበላ ካለ «የክርስቲያን ነው የሙስሊም?» ብሎ መጠየቅ ደሴ ውስጥ ነውር አይደለም፣ ሁሉም ይጠይቃል። 5፡15 ላይ ተቀመጡ፤ 6፡00 ካለፈ ቦታ ይጠፋል።

ቤዛ ከአዲስ

ውይ፣ ገዳሙን ባልጠይቅ ኖሮ እናቴ በር ላይ ልትመለስ ነበር! እሺ፣ ሐይቅ ቀርቷል። ሁለት ነገር ብቻ፦ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል? እናቴስ ብዙ መቆም ስለማትችል ምን ላድርግ?

የታሪክ መምህር

ፎቶ መጀመሪያ ጠይቂ፤ አንዳንድ ክፍል ይፈቀዳል አንዳንዱ አይፈቀድም። ቢፈቀድም ፍላሽ አጥፊ። ብራናና የተቀባ ሥዕል ብርሃን በተደጋገመበት ቁጥር ቀለሙን ይለቃል፤ የአንቺ አንድ ፍላሽ ሳይሆን የሁሉም ጎብኚ ፍላሽ ተደምሮ ነው የሚጎዳው። በመስታወት ውስጥ ላለ ዕቃ የስልኩን ካሜራ መስታወቱ ላይ አስጠግተሽ ትንሽ አዘንብይው፤ ቀጥ ብለሽ ካነሳሽ የራስሽን ፊት ነው የምታገኚው። ከዕቃው ፎቶ ቀጥሎ ወዲያው መግለጫ ወረቀቱን አንሺ፤ አለበለዚያ ቤት ስትደርሱ የቱ የየትኛው እንደሆነ ይጠፋባችኋል። ለጥናት ወይም ለቪዲዮ ሥራ ከሆነ ግን ከመሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ልጁ ብረት እንዳይነካ። የእጅ ላብ ጨው አለው፤ ጎራዴና ጦር ላይ የቀረ የጣት አሻራ ቆይቶ ዝገት ሆኖ ይወጣል።

ጦሳ ሥር

ለእናትሽ፣ ገና ሲገቡ ለጥበቃው ወይም ለአስጎብኚው «እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ወንበር ይኖራል?» በይ። ደሴ ላይ ለእናት ወንበር የሚከለክል የለም። ቤቱ ለመኖሪያ የተሠራ እንጂ ለጎብኚ ስላልሆነ የተማሪ ቡድን ሲገባ ይጣበባል። ቡድን ካያችሁ እስኪያልፍ ግቢ ውስጥ ቆዩ።

የሐረጎ ልጅ

መመለሻውን ጠዋት ስትወርዱ ከረዳቱ ጠይቁ፦ «የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው? የሰዓት ገደብ አለ ወይ?» ይሄ እንደ ወቅቱ ሁኔታ ይቀያየራል፣ የባለፈውን ወር አትመኑ። ለማንኛውም ከ10፡30 ሳታልፉ መናኸሪያ ግቡ። ስትወርዱ ጆሮ ይደፍናል፤ ለልጁ ማስቲካ ስጪው፣ እማማ ምራቃቸውን ይዋጡ።