ክርክር፦ ሪዘርቭ ላይ ያለው መጽሐፍ ዶርም ይግባ ወይስ አይግባ?

የክርክሩ መነሻ፦ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተፈላጊ የኮርስ መጻሕፍት ሪዘርቭ፣ ማለትም ላይብረሪው ውስጥ ተለይተው፣ ይቀመጣሉ። መታወቂያ አስይዘህ እዚያው ታነባለህ። ቢበዛ ማታ ወስደህ ጠዋት ትመልሳለህ። ይህ አሠራር ይቀጥል?

ጂሲ ሜካኒካል (የሜካኒካል ምህንድስና ተመራቂ ተማሪ)፦ ኧረ ይብቃ! ፈተና ሲደርስ ለአንድ መጽሐፍ ገና በጠዋቱ በር ላይ ሰልፍ ነው። ተራ ቢደርስህም ሰው ከኋላህ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ቴርሞዳይናሚክስ እንዲህ ይጠናል? መምህሩ ግን ያንኑ መጽሐፍ ለሴሚስተር ወስዶ ቢሮው ውስጥ አቧራ ያስጠጣዋል።

የሰርኩሌሽን (የመጽሐፍ ውሰት ክፍል) ሠራተኛ፦ ልጄ፣ ቀስ በል። አምስት ኮፒ ይዤ ለሳምንት ባወጣ አምስት ልጆች ያጠናሉ፣ የቀረው ሴክሽን ቁጭ ብሎ ያያል። ደግሞ ሲመለስ የምንረከበው እኛ ነን። ምዕራፉ በምላጭ ተቆርጦ፣ ሽፋኑ ብቻ አምሮበት የመጣ መጽሐፍ ስንቱን ላሳይህ?

ፍሬሽ ነኝ፦ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ሞልቶ የለ እንዴ? ምን ያጣላችኋል?

ጂሲ ሜካኒካል፦ ስምንት መቶ ገጽ በስልክ አንብብና እናወራለን።

ስድስት ኪሎ የተማረች፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ላይብረሪ መጽሐፍ ወደ ውጭ አያወጣም፣ እዚያው ነው የሚነበበው። ልክ ነው። ብዙው ሌላ ቦታ አይገኝም፣ ከጠፋ ጠፋ ነው። የኢንጂነሪንግ ቴክስትቡክ ግን በየጊዜው የሚታተም ዕቃ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት አይገባኝም።

የላይብረሪ ሳይንስ ምሩቅ፦ ስለ ቅጣትም እናንሳ እንጂ። የቺካጎ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2019፣ የኒውዮርኩ በ2021 እ.ኤ.አ. የማዘግየት ቅጣትን አንስተዋል። ሰው ዕዳ ፈርቶ ከነጭራሹ እየቀረ ነበር።

የሰርኩሌሽን ሠራተኛ፦ እነሱ የጠፋውን ይተካሉ። እኛ ጋ የሳንቲሟን ቅጣት ማን ይፈራል? የሚፈራው ክሊራንስ፣ ዕዳ የለብህም የሚለው ፊርማ ነው፤ ሳይፈረምልህ ዲግሪህን አትወስድም። እሱም ቀዳዳ አለው። መዝገቡ ላይ ያለው ዋጋ ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ የተገዛበት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላሩ መቶን አልፏል። «ጠፋብኝ» ብሎ የድሮውን ዋጋ ከፍሎ መጽሐፉን የሚያስቀር ልጅ አለ። በርካሽ ገዛ ማለት ነው!

ስድስት ኪሎ የተማረች፦ እንግዲያው ገንዘብ አትቀበሉ። ያንኑ መጽሐፍ ፈልጎ ያምጣ።

ጂሲ ሜካኒካል፦ በእውነት የጠፋበትስ? አገር ውስጥ የሌለ መጽሐፍ ከየት ይውለድ?

መምህር ነኝ፦ ስለ እኛ የተባለው ትክክል ነው። ሪዘርቭ ዝርዝር ላይ ያለ መጽሐፍ ለመምህርም ከሁለት ሳምንት በላይ አይሰጥ። ለተማሪው ደግሞ ቅዳሜና እሑድን ልቀቁለት፦ አርብ ማታ ይውሰድ፣ ሰኞ ጠዋት ይመልስ። በአንድ መታወቂያ አንድ መጽሐፍ፣ ሲወጣም ሲገባም ገጹ ይታይ። የተቆረጠ ከተገኘ የመጨረሻው ወሳጅ ይጠየቅ።

ጂሲ ሜካኒካል፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ከሦስት ኮፒ አንዱ ላይብረሪ ይቅር፣ ዶርም የማያነብም አለ።

የሰርኩሌሽን ሠራተኛ፦ ገጽ መቁጠሩን ለእኔ ተዉት። መምህሩን ግን እኔ አላዘውም። ስደውል «ነገ እልካለሁ» ይሉኛል፣ ነገው ሴሚስተሩን ይጨርሳል። ከዲኑ የተፈረመ ደብዳቤ አምጡልኝ፣ የፊታችን አርብ እጀምራለሁ።